የውሰት ማንገቻ

ጠመንጃ ልዋስ ሱቅ ገብቼ አውቃለሁ። ይህን ሳወራ የሰፈር ሴቶች ይስቃሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነው የሄድኩት።

ነገሩ የተጀመረው በመርዶ ነው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት እኔና ልጄ አል-ሳሃፋ ሰፈር እንኖር ነበር። ልጄ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የሴት ጠጉር ትሠራለች። እኔ ደግሞ ጉልበቴ እስኪለግም እዚሁ ከተማ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ኖሬ፣ ያኔ አርፌ ተቀምጫለሁ። አንድ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይለይለት፣ በር ተንኳኳ። ብከፍት የማኅበራችን ሴቶች ናቸው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ማንም «እንደምን አደርሽ» አይልም። ሐበሻ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚጠፋው ማን ነው? ወደ ግድግዳው ሸሸሁ።

«ማንን ነው?» አልኳቸው።

«ወንድምሽን» አሉኝ።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም፤ አባታችንንም አላውቀውም። ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠጉሬን ሳይቀር ራሱ ነበር የሚላጨኝ፣ ቁንጮዬን ትቶ፤ ምላጩ ሲያመኝ ሳለቅስ «ዝም በይ፣ ነገ ሙሽራ ትሆኛለሽ» ይለኝ ነበር። ሙሽራ ስሆንም የዳረኝ እሱ ነው። ከተለያየን ስንት ዘመን! አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ በዓሉን አብሬው እውላለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ እሱ ቀድሞኝ ሄደ።

ተቀመጥን ለለቅሶ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ ልናገር፤ ልጆቹ አሁን አያውቁትም። ሰው ሲሞት ዕቃው ከለቅሶው መሐል ይወጣል። ሴት ከሆነች ቀሚሷ፣ ወንድ ከሆነ ጠመንጃው። አንድ ሰው ጠመንጃውን ይዞ በለቅሰኛው መሐል ይዞራል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ታወርዳለች። ሬሳው ኖረም አልኖረም ሰውየው እዚያ ቆሟል ማለት ነው። ሟቹ ድሃ ሆኖ ጠመንጃ ባይኖረው ከጎረቤት ይዋሱለታል። ለለቅሶ የተጠየቀ ጠመንጃ አይከለከልም። የከለከለ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይቆምለታል?

እኔ ጋ ግን ምን አለ? ፎቶግራፉ እንኳ የለኝም። ሴቶቹ የሚያለቅሱት የሲሚንቶ ግድግዳ እያዩ ነው። ሙሾ የምታወርድልን የማኅበራችን ታላቅ አንድ ሁለት ስንኝ ብላ ዝም አለች።

«እኔ ይህን ሰው አላውቀው» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ምን እያየሁ ላልቅስለት? እንዲህማ የመንገደኛ ለቅሶ ነው።»

ክፋት የላትም፣ እውነቷን ነው። እኔን ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ሰው የመንገደኛ ለቅሶ ይለቀስለት? ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ አድሬ በማግሥቱ ከፍራሹ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው እማዬ?» አለች ልጄ።

«ገበያ፣ ሱቅ አል-ዓረቢ። ጠመንጃ ልዋስ።»

«ምን?»

«ጠመንጃ። ነገ ሠልስቱ ነው፤ ተለቅሶበት ከነገ ወዲያ እመልሰዋለሁ።»

ልጄ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እማዬ፣ ወላሂ ያሳስሩናል! ጠመንጃ እኮ ድስት አይደለም ጎረቤት የሚሰጠው።»

«ጎረቤት መቼ አልኩሽ? ሱቅ ነው ያልኩሽ። የጠመንጃ ሱቅ ካለው ሰው የበለጠ ጠመንጃ ያለው ማን ነው?»

ቦታውን አውቀዋለሁ። አል-ጣኢፍ የምሠራበት ቤት አባወራ ለወፍ አደን ጥይት የሚገዛበት ሱቅ ነበረ፤ ገበያ ስንሄድ መኪናውን እዚያ በር ላይ አቁሞ ይገባል፣ እኔ ከአትክልቱ ዘንቢል ጋር ከኋላ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ከፍራሽ ስትነሣ አይተው አፋቸውን ያዙ። ልጄም ብቻዬን ልትለቀኝ አልሆነላትም፤ እያጉረመረመች ተከተለችኝ። ማጉረምረሟን በአውቶቡሱም አላቆመችም።

እኔ ጠመንጃ ያለበት ቤት ጨለማ ያለ፣ ጢስ የጠገበ ይመስለኝ ነበር። የወንድሜ ጠመንጃ ይሰቀል የነበረው ምሰሶው ላይ በተተከለ የበሬ ቀንድ ላይ ነው፣ እኛ ልጆቹ እንዳንደርስበት ከፍ ብሎ። ይህ ሱቅ ግን የወርቅ ቤት ይመስላል። መስተዋት በመስተዋት ነው፣ ማራገቢያው ከላይ ይሽከረከራል፣ ግድግዳው ላይ የሚዳቋ ራስ ዓይኑን አፍጥጦ ያየናል። ጥይቱ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ በመደዳ ቆሟል፤ መጀመሪያ ሳየው ጧፍ መስሎኝ ነበር። ጠመንጃዎቹ ሁሉ አዳዲሶች፣ ጥቁሮች፣ የመኪና ጎማ የሚሸቱ ናቸው። በየምላጫቸው ቀለበት ውስጥ አንድ ረጅም ሰንሰለት አልፎ፣ ጫፉ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እንደ እስረኛ ተሰልፈዋል። አዘንኩላቸው። አንዱም ሰው የሚያውቅ አይመስልም።

ባለሱቁ ጠና ያሉ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሱዳናዊ ናቸው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጥይት ይመርጣል። ሁለቱም ወደ እኛ ዞሩ። የአንገቴን ንቅሳት፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዬን ያያሉ።

«ተፈደሊ ያ ሐጃ» አሉ ባለሱቁ፣ ወንበር እየሳቡ፤ ተቀመጪ እናቴ እንደማለት ነው። ውኃም አቀረቡልኝ። በሱዳን ሰው መጀመሪያ ውኃ ይሰጥሻል፣ ከዚያ ነው ምን ፈልገሽ መጣሽ የሚልሽ።

የእኔ ዓረብኛ የማድ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ሽንኩርትና ሳሙና ላይ ይበረታል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይከዳኛል። እንደምንም ብዬ «ጠመንጃ ልዋስ ነው» አልኳቸው።

ወፍራሙ ሰውዬ ሳቀ። «ያ ሐጃ፣ ማን ነው ያስቀየመሽ? ባልሽ ነው?»

«ባሌ ቢሆንማ ዘነዘና ይበቃው ነበር» አልኩት።

ልጄ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሰውዬው እየተንፈቀፈቀ ጥይቱን ተቀብሎ ወጣ፤ ባለሱቁ ግን አልሳቁም።

«ለምንድነው የምትፈልጊው?» አሉኝ።

«ለማልቀስ።»

ወደ ልጄ ዞሩ፣ በትክክል ሰምቻለሁ ወይ እንደማለት። ምስኪን፣ እያፈረች፣ ላብ እያጠመቃት፣ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረቻቸው፦ መርዶውን፣ ደንቡን፣ ጠመንጃ ለለቅሶ እንደማይከለከል። እሷ ራሷም ደንቡን በደንብ የሰማችው እዚያ ቆማ ስታስተረጉም ይመስለኛል፤ መሐል ላይ እየቆመች «ከዚያስ እማዬ?» ትለኛለች።

ባለሱቁ እስከ መጨረሻው ሰምተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እግዚአብሔር ይማረው። ግን እኔ ላውስሽ አልችልም፣ ሐጃ። እያንዳንዱ መሣሪያ ሩኽሳ፣ የመንግሥት ፈቃድ፣ አለው። ቁጥሩ ፖሊስ ጋ ተይዟል። ያለ ወረቀት ከዚህ ደፍ ከወጣ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይዘውት አብረውኝ ይምጡ። ከእጅዎ አይወጣም።»

«እኔ ጠመንጃ ተሸክሜ አል-ሳሃፋ ሐበሻ ቤት ስገባ?» አሉና ፈገግ አሉ። «ሰፈርተኛው ጦርነት ተነሣ ብሎ ይሸሻል።»

ያኔ ሁላችንም ትንሽ ሳቅን። ጦርነት ያኔ እንዲህ በቀላሉ የሚሳቅበት ቃል ነበር።

ልነሣ ስል «የወንድምሽ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ። ስሙን አላውቀውም፤ ሴት ልጅ የጠመንጃ ስም ማን ይነግራታል። ግን ነገርኳቸው፦ እንጨቱ ቀይ ሆኖ ከቅባት ብዛት የጠቆረ፣ ረጅም፣ ሰደፉ ላይ ናስ የተለበጠ። ማንገቻውን ወንድሜ ራሱ ከጥጃ ቆዳ ነው የሠራው፤ ሲሄድ ቂው ቂው ይላል።

ባለሱቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ቂው፣ ቂው።

ወንበሩን ያዝኩ። ልጅ ሆኜ፣ ማታ ማታ ወንድሜ ሲመጣ ከውሻው በፊት የምሰማው እኔ ነበርኩ። ከአጥሩ ማዶ ያ ቆዳ ሲያቃስት፣ ውሻው ጆሮውን ሳያቆም እኔ ተነሥቼ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። «አንቺ ምኑን ሰማሽ?» ይለኛል ሲገባ። አልነግረውም ነበር። የእኔ ብቻ ምስጢር ነው።

ባለሱቁ ያወጡት ጠመንጃ አሮጌ ነው። «የአያቴ ነው» አሉ። «ገዳሪፍ ገበያ ከሐበሻ ነጋዴ ገዛው ይባላል። አይተኩስም፣ ሆዱ ባዶ ነው፤ ወረቀቱ ግን እንደ ጤነኛው ነው። አይሸጥም፣ አይወጣም። ግን ያዢው።»

ያዝኩት። ከብዶኛል ማለት አልችልም፤ እጄ ያውቀዋል። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ ሰደፉን እግሬ አጠገብ አቆምኩ፣ በላዩ ላይ እንዳልራመድ እየተጠነቀቅሁ። ሴት ጠመንጃ አትሻገርም፣ እንደዚያ ነው ያሳደገኝ። እንጨቱን አሸተትኩት። የወንድሜ ኑግ ኑግ ይል ነበር፤ ይሄ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ስለዚህ እንጨቱን ትቼ ማንገቻውን ያዝኩ፤ ቆዳ የትም አገር ቆዳ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ሁለት ጊዜ ጎተት አደረግሁት። እንባ ግን አልመጣም። እንባ በሰው ቤት ያፍራል። ጠመንጃውን ስሜ መለስኩላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ማራገቢያው አዙረው ነበር።

«ቢካው የት ነው?» አሉ ስንወጣ። ለቅሶ ቤቱ ማለታቸው ነው። ሱዳን ውስጥ ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ ሰላምታ እንደ ማለት ነው። ልጄ የጠጉር ቤቷን ነገረቻቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ አለቻቸው። እኔ ልቤ አላስተዋለም። ባዶ እጄን ነኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እማዬ፣ አጎቴ ምን ይመስላል?»

ስንት ዘመን ስለ እሱ ሳወራ ስልኳን ስታይ የኖረች ልጅ ናት። ነገርኳት። ከባሌ ጋር ወደ ሱዳን ስንወርድ እስከ ወንዙ ድረስ እንደሸኘን ነገርኳት። ውኃው ጋ ስንደርስ ቆመ። እኔ ተንሰቅስቄ ሳለቅስ እሱ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ፣ እንዲሁ፣ ቂው ብሎ። ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ አሁንም ዞሬ ዞሬ አየዋለሁ፣ አሁንም ያዛውረዋል። ክንዱን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ልጄ እጄን ይዛ እስክንወርድ አልለቀቀችም።

ቤት ስንገባ ሴቶቹ እጄን ነው ያዩት። ሙሾ አውራጇ ታላቋ «ተይው በቃ፣ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። ያን ሌሊት የተኛሁ መስዬ አደርኩ።

የሠልስቱ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ለቅሶው ተቀዛቅዞ፣ ሰው ስለ ዳቦ ዋጋ ማውራት ጀምሮ ሳለ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ቆመ። ባለሱቁ ናቸው። እንደ ደንባቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጸሎታቸውን አደረሱ፤ የእኛ ወንዶች ግራ ቢገባቸውም ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ከብብታቸው የያዙትን ፌስታል አወጡና ወደ እኔ መጡ።

«ይሄኛው ሩኽሳ አይጠየቅበትም» አሉኝ።

ማንገቻው ነው። ከጠመንጃው ፈትተው ያመጡት።

ተቀበልኩ። እጄ ላይ ቂው አለ። ለታላቋ ሰጠኋት። ባልቴት ናት ግን ሞኝ አይደለችም፤ ማንም ሳያስረዳት አንዴ በእጇ መዘን አድርጋ አየችውና ብድግ አለች። ከፍ አድርጋ ይዛ በሴቶቹ መሐል መዞር ጀመረች፦

ጠመንጃው ታስሮ ነው ማንገቻው የመጣ፣
ትከሻህ የት አለ፣ ወንድሜ ሆይ ውጣ።

በድንኳኑ ያለው ሁሉ ለለቅሶ ተነሣ። የዳቦው ወሬ የት እንደገባ እንጃ። እኔ ያንን ሁሉ ቀን የት ቋጥሬው እንደነበር የማላውቀው እንባ ወረደ፤ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ልጄ፣ ሙሾ የማታውቀው ልጄ፣ «አጎቴ! አጎቴ!» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ከዚያ የሚከተለው ቃል ሲጠፋት በዓረብኛ ቀጠለችበት። ማንም አልሳቀባትም። ባለሱቁ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጠው በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሲመሽ ሰው «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እያለ ስለ ወንድሜ ይጠይቀኝ ጀመር። ያን ቀን ወንድሜ መንገደኛ መሆኑ ቀረ።

አርባው ካለፈ በኋላ ማንገቻውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ልመልስ ሄድኩ። የተዋሱት ዕቃ ለቅሶው ሲያልቅ ይመለሳል። ባለሱቁ ሻይ አስመጡና፣ ጠመንጃው ያለ ማንገቻ መቀመጥ ለምዷል አሉኝ።

«አንቺ ጋ ይቆይ። እኔ ስሞት በዚሁ አልቅሺልኝ።»

«አፍዎን ቁርጥማት ይያዘው! ምን ዓይነት ንግግር ነው?» አልኳቸው በአማርኛ። ዓረብኛው አልመጣልኝም።

ልጄ ስታስተረጉምላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እውነቴን ነው። ሴቶች ልጆቼ ባሕር ተሻግረው ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁትን ዓይነት ወድጃለሁ።»

«እሺ፣ ኢንሻላህ ከመቶ ዓመት በኋላ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወርድ ብቅ እል ነበር፤ ውኃ ይሰጡኛል፣ እቀመጣለሁ፣ ስለ ጉልበታችን እናወራለን። የጠመንጃ ቤት ወዳጅ ይኖረኛል ብዬ መቼ አስቤ! ጎማ ጎማ የሚለው ሽታ እንኳ አይከብደኝም ነበር። ያች ጥላ፣ ያ የማራገቢያ ድምፅ፣ ያ በመስታወት ብርጭቆ የሚመጣ ሻይ ዛሬ ድረስ ይናፍቀኛል።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ልዋስ ሄጄ ያጣሁት ጠመንጃ፣ ራሱ በየሰፈሩ እየዞረ በር ማንኳኳት ጀመረ። ሩኽሳ የጠየቀው አልነበረም። ከአል-ሳሃፋ ስንወጣ የያዝነውን ልብስ አንድ ላይ ጠቅልለን ያሰርነው በዚያ ማንገቻ ነው፤ ሌላ የሚጠብቅ ገመድ ቤት ውስጥ አላገኘንም። አሁን ያለንበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ድረስ በትከሻዬ ይዤው መጣሁ። በመንገዱ ሁሉ ቂው ቂው ይላል። ልጄ ከፊት ከፊት እየሄደች «አለሽ እማዬ?» አትለኝም ነበር፤ ድምፁን ስለምትሰማው።

ሱቁ ዛሬ የለም። ልጄ መንገዱ ሲከፈት ሄዳ አይታዋለች፤ በሩ ተገንጥሎ፣ መስተዋቱ መሬት ላይ ደቆ፣ ሰንሰለቱ ብቻ ተዘርግቶ ቀርቷል አለችኝ። ባለሱቁን አንዱ ግብፅ ገቡ ይላል፣ አንዱ ገዳሪፍ ዘመድ ቤት አየኋቸው ይላል፣ አንዱ ምንም ሳይል ዝም ይላል። ዝም የሚለውን አልወደውም።

ማንገቻውን እዚህ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። እንዳይሰነጠቅ የሰሊጥ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ትንሽ ብቻ፤ ቅባት ሲበዛ ድምፁ ይሞታል። ባለፈው ልጄ ስቀባው አይታ «እማዬ፣ ለሳቸው ግጥም አዘጋጅተሻል?» አለችኝ። ተቆጣኋት። መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም፤ በሕይወት ላለ ሰው ስንኝ መፈለግ ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እቃ ሳጥብ፣ ምን ሳደርግ፣ አንዳንዴ አንድ ቃል በራሱ ጊዜ ይመጣብኛል፤ ቶሎ ብዬ ሌላ ነገር አስባለሁ።

በማለዳ በር ሲንኳኳ አሁንም ቶሎ አልከፍትም። መርዶ የያዙ ሴቶች ይሆኑ፣ ወይም ዕቃቸውን የሚፈልጉት ባለሱቁ ይሆኑ፣ ከውስጥ ሆኖ አይታወቅም። ስለዚህ ከመክፈቴ በፊት ማንገቻውን ከምስማሩ አወርዳለሁ።